የወርቅዬ ወዳጆች

«ሰው ሳይሞት ሙሾ?» አሉ ወይዘሮ ማሚቴ። ጓዳ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ከዚህ በላይ አላስችል ቢላቸው ነው ብቅ ያሉት፤ የዶሮ ማሰሪያ ሲባጎ በእጃቸው እንደያዙ። «በዚህ ቤት? ልጄን ግንባር ሰድጄ በምኖርበት ቤት? እንዲያው ምን ነክቶሽ ነው አንቺ ልጅ!»

ቁጣው የወረደባት ሴት ልጃቸው ሩቲ ነበረች። ከመሥሪያ ቤቷ የተዋሰችውን ቴፕ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ አክስቷን ወይዘሮ ወርቅዬን «ትንሽ ብቻ፣ ሁለት ሦስት ስንኝ» እያለች ስትለማመጥ ነው እጅ ከፍንጅ የተያዘችው። ቀኑ ቅዳሜ ሹር ነው። ጠዋት ቄሱ ያደሉትን ቄጤማ ሦስቱም ሴቶች ራሳቸው ላይ አስረዋል። አንዱ በአሥራ ስምንት፣ አንዱ በሃያ ሁለት ብር የተገዙ ሁለት ዶሮዎች የአልጋው እግር ላይ ታስረው ወለሉን ይጭራሉ። ቤቱ ጎፋ ውስጥ ካሉት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንደኛው ሳሎንም መኝታም እንግዳ መቀበያም ሆኖ የሚያገለግል። የሩቲ ታናሽ ወንድም ሚኪ ወደ ሰሜን ከዘመተ ጀምሮ ወይዘሮ ማሚቴ በዚህ ቤት ላይ ያወጡት ሕግ ብዙ ነው። ጥቁር ልብስ ገመድ ላይ አይሰጣም። ዜና ሲጀምር ሬዲዮኑ ይዘጋል። ሰው ሞተ የሚል ወሬ ይዞ የመጣ ጎረቤት ወሬውን ደጅ ትቶ ይገባል። አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸው፣ የተማረችው፣ በፋሲካ ዋዜማ ሙሾ ልታስወርድ ቴፕ ይዛ ተቀምጣለች። ሟርት ከዚህ ወዲያ በምን ይመጣል?

ወይዘሮ ወርቅዬ አልቃሽ ናቸው። ከመንዝ የመጡት ባላቸው ሞተው ከታናሽ እህታቸው ከማሚቴ ጋር ለመኖር ነበር፤ በመጡ በዓመቱ ግን ጎፋ ውስጥ እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ለቅሶ አልመስል አለ። የሟቹን ሥራ፣ ጠባዩን፣ የቀረበትን ጉዳይ አንድ ሁለት ሰው ይጠይቁና ድንኳኑ መሐል ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ እንባውን የያዘ ወንድ የለም። ዋጋ አይጠይቁም። ቤት ሲገቡ ዝም ያሉ ሴት ናቸው፤ ምስር ይለቅማሉ፣ እህታቸው የሚናገሩትን ይሰማሉ፣ በጊዜ ይተኛሉ።

የሩቲ ጣጣ የጀመረው ከአንድ የእህል ነጋዴ ቀብር ነው። ልጆቹ ጀርመን ነበሩና ለቀብሩ መድረስ አልቻሉም፤ እናም ለቅሶው በካሴት ተቀርጾ ተላከላቸው። ልጆቹ አልቅሰውበት ሲያበቁ ካሴቱ አብሯቸው በሚኖር ሉቃስ በሚባል ተማሪ እጅ ገባ። ሉቃስ አላለቀሰበትም፤ ወደደው። ለጓደኛው ቀዳለት፣ ጓደኛው ደግሞ ሌላ ከተማ ላለች ዘመዱ ቀዳላት፤ ውሎ አድሮ «የወርቅዬ ወዳጆች» የሚባል ማኅበር በኢሜይል ተቋቋመ። አንዱ የጻፈው ለሁሉም የሚደርስበት ዘዴ ነው። ሉቃስ በነጋዴው ቤተሰብ በኩል አጠያይቆ ሩቲን አገኛት። መካኒሳ ባለ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ኢሜይል አለ። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ሰፈር ሌላ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሩቲ ከአክስቷ ጋር ለቅሶ በደረሰች ቁጥር ስንኙን በቃሏ ይዛ ትመለስና ሰኞ ጠዋት በፈረንጅ ፊደል ትጽፍላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ይከራከሩበታል፤ የቱ ይበልጣል ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፤ «አርቲስታችን» ይሏቸዋል። አንዱማ ሁልጊዜ ሳህን ሲያጥብ እንደሚሰማቸው ጽፎ ነበር። ይህን ስታነብላቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ምስራቸውን አስቀምጠው፣ «ሳህን እያጠበ? በሰው ሬሳ ላይ?» ብለው ሲገረሙ ዋሉ።

በሩቲ አይፈረድም። መሥሪያ ቤት ስትሆን ስሟ ከ«ሻይ» እና ከ«ፎቶ ኮፒ» ተለይቶ አይጠራም። እዚያ ማኅበር ውስጥ ግን «እህታችን ሩቲ» ናት፤ ካልጻፈች «ምን ሆነሽ ጠፋሽ» ይሏታል፤ የማታውቃቸው ሰዎች ለልደቷ ግጥም ልከውላታል። ስለዚህ ሉቃስ «ለፋሲካ አንድ አዲስ ሥራ፣ በራሷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ያለ ጫጫታ ተቀርጾ ይምጣልን» ብሎ ሲጽፍ አክስቷን ሳታማክር እሺ አለች። ጫጫታ ያለው የቀባሪውን ልቅሶ ነው። ካሴቱን የሚወስድ መንገደኛ ለማክሰኞ ተዘጋጅቷል። «ስለ ምን ልበል?» ብለው አክስቷ ሲጠይቋት፣ ሉቃስ ስለ ስደት ቢሆን ደስ ይለናል ማለቱን ነገረቻቸው። «ስደት ሞተ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ፣ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ መልሳቸው እንዲህ እንዲህ ያለ ነበር። ሰው ሳይሞት ከየት አመጣዋለሁ ብለው አሻፈረኝ ሲሉ ከርመዋል። አሁን ግን እህታቸው ሲጮሁ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ተያት ማሚቴ። እዚህ አልልም። መሥሪያ ቤቷ ሄደን እላታለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ማሚቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሩቲም ደነገጠች፤ ከዚያ ደስታዋ አሸነፋትና ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ነጠላዋን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። ሰው የፈለገውን ሲያገኝ ለምን አገኘሁት ብሎ አይጠይቅም። ብትጠይቅ ኖሮ ላለፉት ሳምንታት አክስቷ እንጀራ ሲቆርሱ እንጂ ሲጎርሱ አለማየቷ ትዝ ይላት ነበር።

«ቶሎ ተመለሱ፣ ሽንኩርቱን ብቻዬን አልጨርሰውም» አሉ ወይዘሮ ማሚቴ ከኋላቸው። ቁጣቸው በርዶ ነበር። በዓል ሲመጣ የሚበርድ ቁጣ ነው ያላቸው።

ከጎፋ መካኒሳ የሚያደርሰው ሚኒባስ በዶሮና በሽንኩርት ጆንያ ተጨናንቋል። ወያላው በዓል ነው ብሎ ሒሳብ ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም ጨመረ፤ ተሳፋሪው ተንጫጫና ከፈለ። አንዲት ሴት ዘንድሮ ቅቤ ሠላሳ ብር ገባ ብላ ለሁሉም አወጀች፤ ሌላዋ ምነው ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ነው አለች። ሩቲ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ለሉቃስ የምትጽፈውን በልቧ ታቀናብራለች። አክስቷ ሳር ቤት ላይ አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር አስፋልቱን ሲያቋርጥ ፊታቸውን አዞሩ።

የድርጅቱን ግቢ ዘበኛው ዋቅጅራ ከፈተላቸው። «እንኳን አደረሰዎ እናቴ» ብሎ ሁለት እጁን ለወይዘሮ ወርቅዬ ዘረጋ፤ ለሩቲ ደግሞ «በበዓልም ሥራ?» ብሎ ሳቀባት። ውስጡ ባዶ ነው። ሩቲ መጀመሪያ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ሞደሙ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ አጓራ፣ ተገናኘ። ከሉቃስ መልእክት ነበር፤ «አርቲስታችን ተዘጋጀች? እዚህ ሁላችንም ጓጉተናል። እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። አክስቷን ምንጣፍ ያለበት የአለቃዋ ክፍል አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ምንጣፉ ድምፅ ያጠራል ብሎ ሉቃስ ጽፎላት ነበር።

«ለሙከራ የነጋዴውን ትንሽ ይበሉልኝ እትዬ፣ ድምፁን ላስተካክል» አለች።

«የነጋዴውን ለነጋዴው ብዬዋለሁ። ሙሾ አይደገምም። እዚያው ከሰውየው ጋር ተቀብሯል፤ ቢሉኝም አይመጣልኝም» አሉ። ከዚያ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «በሩን ዝጊው። ያ ሰውዬ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ቄጤማውን ከራሳቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን ገፈው ዘቅዝቀው ለበሱ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ወንበሩን ትተው ቆሙ። ሩቲ ባለሙያ እንዲህ ነው አለች በልቧ፤ ይህንንም እጽፍላቸዋለሁ፣ እንዴት ደስ ይላቸዋል! ቴፑን ተጫነችው። አክስቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ከወትሮው ዝቅ ያለ፣ የተሰነጠቀ።

ለሰው ቤት ሳለቅስ ስንት ዘመን ኖሬ፣
የራሴን ለማልቀስ ቤት አጣሁኝ ዛሬ።

ሩቲ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ስደት መሆኑ ነው፤ ቤት ማጣት፣ የሰው አገር። ሉቃስ ያብዳል አለች። ስንኙን እንዳይጠፋባት በከንፈሯ ደገመችው። አክስቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀጠሉ።

የጎፋን በር ሁሉ በእሳት የሰፋህ፣
የእናትህን ደጃፍ ምን ነገር አስረሳህ።

ይህን ግን በከንፈሯ አልደገመችውም። ጎፋ ውስጥ የብረት በር የሚበይድ፣ ገና በሃያ ዓመቱ በየግቢው የሠራቸውን በሮች በኩራት እየነካ የሚያልፍ አንድ ልጅ ነው የምታውቀው። ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድጋለች። «እትዬ» አለች፤ አክስቷን ግን አሁን የሚያቆማቸው የለም።

ለፋሲካ ብለን ሞትህን ደብቀን፣
እናትህ ፊት ዋልን ከጥርሳችን ስቀን።
ሚኪዬ፣ ሚኪዬ፣ ወንድ ልጄ…

ወይዘሮ ወርቅዬ የካሴቱ አንድ ፊት እስኪያልቅ አለቀሱ። ሩቲ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መቼ እንደተቀመጠች አታውቅም። ቴፑ ቀጭ ብሎ ራሱን ሲያጠፋ አክስቷም ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ረጅም መንገድ ተሸክመው የመጡትን ያራገፉ ይመስል ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ነገሯት። ሮበሌ የሚባል የሚኪ ጓደኛ፣ ቆስሎ የተመለሰ፣ በክራንች ሆኖ ሰፈር ድረስ መጥቶ ለአጎቷ ለዳኜ ነግሯል። በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ዳኜ ለእድሩ ሽማግሌዎች፣ ሽማግሌዎቹ ለእሳቸው ነገሩ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ የማሚቴ ደም ግፊትም አለ። ፋሲካን ደስ ብሏት ትዋል፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ መርዶው ይነገራት ተብሎ ተወሰነ።

«ይህን ሁሉ ሳምንት?» አለች ሩቲ። «ይህን ሁሉ ሳምንት ከእኔ ጋር ማዕድ እየቀረቡ? ወንድሜ እኮ ነው! የኔ ወንድም!»

«አንቺ ከሰማሽ እሷ ፊትሽ ላይ ታየዋለች።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሰፈሩ ነው የሚያውቀው ልጄ። ዶሮዎቹን የሸጠችላት ሴት እንኳ ታውቃለች። ዋጋ የቀነሰችላት ለምን መሰለሽ?»

ሩቲ ቁጣና ሐዘን ተደባለቁባት። ከሁሉ የባሰባት ግን ሌላ ነበር፤ የወንድሟ ሙሾ የወረደው ድንኳን ውስጥ፣ እናቱ ፊት፣ አብሮ አደጎቹ መሐል አልነበረም። የፈረንጅ ቢሮ ምንጣፍ ላይ፣ ሳህን እያጠቡ ለሚሰሙ ሰዎች ነበር። ይህንንም እንደመጣላት ተናገረችው። አክስቷ አልተቆጡም። «ታንቄ ልሞት ነበር» አሉ። «እዚያ ቤት ሌት ተቀን ከአፌ ሊወጣ ይታገለኛል። ከእሷ ጎን ነው የምተኛው። ወዳጆችሽ ባይጠይቁኝ የት ሄጄ እለው ነበር? በይ እንባሽን እዚሁ ጨርሺው። እስከ ማክሰኞ አንድ ጠብታ እንዳታሳያት። ፋሲካዋን አደራ።»

ሩቲ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ደጋግማ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ስትመለስ የሉቃስ መልእክት ኮምፒዩተሩ ላይ እንደበራ ነበር። ምንም ሳትመልስ አጠፋችው፤ ካሴቱን ከነቴፑ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዋቅጅራ በሩን ሲከፍትላቸው ሁለቱንም አየ፤ የሚያውቀውን ቀልድ ሁሉ ዋጠና «እግዜር ያውቃል» ብቻ አለ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ማሚቴ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት በሁለት ብር የገዙት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ፊታቸው ተቆልሎ፣ እያንጎራጎሩ ይልጣሉ። ደስ ብሏቸዋል። «ሟርተኞቹ መጣችሁ?» አሉ እየሳቁ። አንዲት ጎረቤት አጥር ላይ ቆማ እንቁላል ስንት ገዛሽ፣ በርበሬሽ አያቃጥል እንደሆን ትንሽ ስጪኝ ስትላቸው ነበር፤ ሩቲንና አክስቷን ስታይ ወሬዋን ቆርጣ ገባች። ሩቲ እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ያ የሸበተ ጸጉር፣ ቄጤማ የታሰረበት ግንባር፣ በዓል ደረሰ ብሎ የሚቻኮል እጅ፤ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰፈር እንዴት አስችሎት እንቁላል ስንት ገዛሽ ይላል? እስከ ማክሰኞ እንዴት ይደረሳል? ድንገት አንድ መላ መጣላትና እናቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«አምጪው እማዬ፣ እኔ ልክተፈው።»

«አንቺ?» አሉ ወይዘሮ ማሚቴ። ሩቲ ጣቶቼ ሸትተው ቢሮ እንዴት እገባለሁ እያለች ሽንኩርት ነክታ አታውቅም። «በይ እንግዲህ፣ ፋሲካ ስንቱን ያሳያል!» ብለው ቢላዋውን ሰጧት።

ሩቲ አንገቷን ደፍታ ከተፈች። እንባዋ መንታ መንታ ሆኖ ወረደ፣ እጅዋ ላይ፣ ሽንኩርቱ ላይ፤ ማንም ምን ሆንሽ የማይልበት እንባ ነበርና እንደ ልቧ አለቀሰች። እናቷ ሳቁባት፤ ለሽንኩርት እንዲህ ከሆንሽ ባል ቤት ምን ልትሆኚ ነው አሉ። በዚህ መሐል ወይዘሮ ወርቅዬ ከቤት ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። የሩቲን ፊት አዩና እናቷ ፊት ልትጋለጥ መሆኗ ታያቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው ቢላዋውንም ሳህኑንም ከፊቷ ወሰዱት።

«አንቺ ተነሽ፣ እኔ እከትፈዋለሁ።»

«ይተዉልኝ እትዬ፣ እኔ…»

«ተነሽ ብዬሻለሁ!»

ወይዘሮ ማሚቴ አንዴ እህታቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን እያዩ ሳቁ። «ዛሬስ ሽንኩርት ተወደደ! ምን ያሻማችኋል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው እየቀነሰ ሄደ። ሽንኩርቱ ከሩቲ ፊት ርቋል፤ ቢላዋው አክስቷ እጅ ነው፤ እንባዋ ግን አልቆመም። ልታቆመው ትታገላለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ አልቆመም። ወይዘሮ ማሚቴ ልጃቸውን ትክ ብለው ተመለከቷት። የማን ነው፣ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። ዱካውን ከበታቻቸው ገፍተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ቄጤማውን ከግንባራቸው ፈቱ።

«ወርቅዬ» አሉ በዝግታ። «ለነጋዴው አልቅሰሻል። ስማቸውን ለማታውቂው ሁሉ አልቅሰሻል። በይ እንግዲህ፣ ለእኔም።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ቢላዋውን እንደያዙ ተነስተው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት ያ አቋም ነበር፤ የተከተለው ግን ዝምታ ነው። እንደገና ሞከሩ። እንደ ሕፃን አፋቸውን እየከፈቱ ዘጉ።

«የለም ማሚቴ» አሉ። «አልቋል። ብዬው መጣሁ።»

እናት አልገባቸውም። ለሚኪ የሚገባውን ሙሾ ከእህታቸው መጠበቅ ብቻ ነው የያዙት፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ጠበቁ። ያንን ፊት ሩቲ ልትችለው አልቻለችም። ቦርሳዋን ጎትታ ቴፑን አወጣች፣ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችና እናቷ ጉልበት አጠገብ አስቀምጣ ተጫነችው።

የወጣው የራሷ ድምፅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከሥራ በኋላ ቀርጻው ጭራሽ የረሳችው፤ ደስ ያለው፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ለመምሰል የሚሞክር ድምፅ። «ውድ የወርቅዬ ወዳጆች፣ እንኳን ለትንሣኤ በዓል በሰላምና በጤና አደረሳችሁ! እነሆ ለስንት ጊዜ የጠበቃችሁትን አዲስ ሥራ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ያለ ጫጫታ…»

ሩቲ ለማጥፋት እጇን ሰደደች። ወይዘሮ ማሚቴ እጇን ያዙት፤ ጥፍራቸው እስኪገባ ያዙት።

«እነማን ናቸው እነዚህ?»

«ውጭ አገር ያሉ… እትዬን የሚወዱ ሰዎች ናቸው እማዬ።»

«ከእኔ በፊት ሰሙ?»

አጥሩ ጋ ያቺ ጎረቤት ተመልሳ መጥታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ ከእሷም ኋላ ነጠላውን እየዘቀዘቀ የሚመጣ የሩቲ አጎት ዳኜ። ማንም የጠራቸው የለም። ወይዘሮ ወርቅዬ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩና ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አልሰሙም ማሚቴ» አሉ። «ያልሰሙት እነሱ ብቻ ናቸው።»

ከቴፑ ውስጥ ሙሾው ጀመረ።